የሰባቱ ጀልባዎች ውል

ኅዳር 8 ቀን

ልጄ ቀጮ፣

ይህ ወረቀት ሲደርስህ ጤናና ሰላም አብረውት ይድረሱህ። እኛ ተመስገን አለን። አክስትህ ጉልበቷን ቢያማትም አፏ ደህና ነው፤ አፏ ደህና ከሆነ እሷም ደህና ናት።

ድሮ ቀጮ ስልህ ትቆጣ ነበር። አሁንማ ማን ቀጮ ይልሃል፣ ቦርጭ አውጥተሃል። አየሁህ እኮ። ክንድ ተኩል በማትሞላ ጠረጴዛ ማዶ ተቀምጬ በደንብ አየሁህ።

ያ ቀን ካለፈ አሥራ ሁለት ቀኑ ነው። ትጽፋለህ ብዬ ጠበቅሁ፣ ስትቀር እኔ ጀመርኩ። እንዳልደውል ስልኩ የመሥሪያ ቤት ነው፣ አትደውሉልኝ ብለኸናል።

አንተ ብታውቀውም በእኔ በኩል እንዴት እንደነበረ አታውቅምና ልንገርህ። የማኅበራችን ሂሳብ ሹም በማለዳ መጥቶ፣ «ሊቀመንበር፣ ንጹሕ ሸሚዝ ልበስ፣ የውጭ አገሩ አስጎብኚ ድርጅት ሰዎች ዛሬ ይመጣሉ» አለኝ። ለበስኩ። ቲኬት ቤቷን ጠረግን፣ ከሻይ ቤቱ ወንበር ተዋስን። ሰባታችንም፣ ሰባት ባለጀልባ፣ እንደ ሙሽራ ሚዜ ተደርድረን ቆምን። ይህ ድርጅት ዓመቱን ሙሉ ቱሪስት እየላከልን እኛ ወደ ደሴቷ ካመላለስን፣ መንገደኛ እየለመንን ጠዋት ማታ ፀሐይ ላይ መቆም ቀረልን ማለት ነበር።

መኪናዋ ቆመች። አጭር ፀጉር ያላት ሴትዮ ወረደች፣ ከኋላዋ ደብተር የያዘ ባለመነጽር ጎልማሳ። «አስተርጓሚዋ ነው» ተባለ። እጄን ዘረጋሁ፣ ፊትህን አየሁ፣ አንተው ነህ። አንተ ግን ምንም ሳትደናገጥ «እንደምን ዋሉ፣ ሊቀመንበር» አልከኝ። እኔም «እንደምን ዋሉ፣ ጌታዬ» አልኩህ። እህቴ ከሞተች ወዲህ፣ ከስድስት ዓመትህ ጀምሮ ያሳደግኩህን ልጅ ጌታዬ አልኩ። ከአፌ ሲወጣ እኔንም ገረመኝ።

ወደዚህ ከተማ የመጣነው አንተ ከሄድክ በኋላ ስለሆነ የሚያውቅህ አልነበረም። እኔም አላውቅህም ብዬ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ሴትዮዋ ተናገረች፣ አንተ ተረጎምክ፤ ለአንድ ጉዞ ስድስት መቶ ብር። እኛ ለመላው ጀልባ ከመንገደኛ ሺህ ነው የምንቀበለው፣ ነዳጁና ዘይቱ ብቻ አምስት መቶ ይበላል። አፌን ከፍቼ ነበር፣ ታውቀኛለህ። ያኔ ነው በጠረጴዛው ሥር እግሬን የረገጥከኝ። አንዴ፣ ቀስ ብለህ፣ ዓይንህን ከደብተርህ ሳታነሣ። ገባኝ። አፌን ዘጋሁ። ስድስቱ ጓደኞቼ ዓይናቸውን አፍጥጠው እያዩኝ ፈረምኩ፣ ማኅተሙንም አሳረፍኩ።

ለምን እንደረገጥከኝ አልጠይቅህም። አንተ የምታውቀው ነገር ይኖራል። ብቻ ቀጥሎ ምን እንደሚሆን ጻፍልኝ። ሰዎቹ ሲወተውቱኝ «ታገሡ፣ እኔ የማውቀው አለ» እያልኳቸው ነው፤ የማውቀው ምን እንደሆነ ግን እኔም አላውቅም።

ለአክስትህ መምጣትህን አልነገርኳትም። ከቤታችን እስከ ቲኬት ቤቷ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ መጥቶ ሳያየኝ ሄደ ብላ ከምትታመም አለማወቋ ይሻላል ብዬ። ትናንት «ዘንድሮም አይመጣም እንዴ?» አለችኝ። ጫማዬን እያሰርኩ ነበር፣ ያልሰማሁ መሰልኩ።

ክፉ ነገር ደጅህን ይሳተው።

አጎትህ


ታኅሣሥ 2 ቀን

ለማከብርዎ አጎቴ፣

እንዴት ሰነበቱ፣ ጋሼ? እትዬስ እንዴት ናት? በያላችሁበት ጤናውን እንዲያበዛላችሁ ዘወትር ምኞቴ ነው። እኔ ደህና ነኝ።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ አሥር ቀን ሆነው። ሥራ በዝቶብኝ ነው የዘገየሁት ብዬ ጽፌ ሰረዝኩት። ሥራ አልበዛብኝም፤ ምን ብዬ እንደምጀምር ጨንቆኝ ነው።

እንደ ባዳ ስለጨበጥኩዎት ልንገርዎት። እኔ ያለሁበት የግዢ ክፍል ይባላል። ሸቀጥ አይደለም የምንገዛው፤ ከየአገሩ አልጋ፣ ጀልባ፣ መኪና፣ የአስጎብኚ ቀን እንገዛለን፣ እዚህ አንድ ላይ ጠቅልለን ለቱሪስት እንሸጣለን። ከመምጣታችን በፊት ፎርም ሞልቼ ነበር። «ከምትገዛባቸው ሰዎች መካከል ዘመድ አለህ ወይ?» ይላል። የለኝም ብዬ ፈረምኩ። አለኝ ብል ሌላ ሰው ይልኩ ነበር፣ ወይም ማኅበሩን ጭራሽ ከዝርዝሩ ያወጡት ነበር። አንዴ ከፈረምኩ በኋላ ደግሞ አለቃዬ ፊት አቅፌ ልስምዎት አልቻልኩም። ቤት መጥቼ እትዬን አለማየቴም ለዚህ ነው፤ የምንሄድበትን መኪና የሚነዳው የድርጅቱ ሰው ነበር።

ሌላውን ጉዳይ በደብዳቤ ባናነሣው ይሻላል። ይህንንም ካነበቡ በኋላ ቢያቃጥሉት ደስ ይለኛል።

ለእትዬ ጉልበት መታከሚያ የሚሆን በሐዋላ ልኬአለሁ። ትንሽ ከፍ ያለ ነው፣ የተረፈው ለቤቱ ጣሪያ ይሁን። ከማን ነው ለሚል ሰው ከዘመድ ነው ቢሉ ይበቃል።

እድሜዎን ያርዝምልኝ።

ቀጮ


ጥር 11 ቀን

ልጄ፣

እጅህ ይባረክ፣ ገንዘቡ ደርሷል። ለአክስትህ «ቀጮ ላከ» አልኳት፣ ሁለት ቀን ለብቻዋ ስትስቅ ሰነበተች።

ቱሪስቶቹ መምጣት ጀምረዋል። መቼስ ድርጅታችሁ ሰው አያጣም፣ በአውቶቡስ ነው የሚያራግፈው። ውሉ ላይ በትንንሹ የተጻፈውን አሁን አሁን እየተረዳነው ነው። የመንሳፈፊያ ጃኬት ከእናንተ ምልክት ጋር፣ እናንተ ካላችሁት ሱቅ፣ በእኛ ገንዘብ። ብርቱካናማ ነው። ሰባታችን ለብሰን ስንቆም መካኒኩ አየን አየንና «የመንገድ ሥራ ጀመራችሁ እንዴ?» አለ። እሱም ለብሶ ነው እንዲህ የሚለው፣ የራሱ ጀልባ አለችው። ክፍያው ደግሞ በሁለት ወሩ። ነዳጅ የሚሸጥልን ሰው ሁለት ወር አይጠብቅም፤ አሁን ሁላችንም የእሱ ዱቤ አለብን፣ መንገድ ላይ ሳገኘው እሱን ላለማየት የማላውቀውን ሰው ሁሉ ቆሜ ሰላም እላለሁ።

ይሄ ይሁን። ባለፈው ሳምንት አንዲት ቱሪስት ጀልባ ውስጥ ወረቀት ረስታ ወረደች። ያማረ፣ ፎቶ ያለው፣ የጉብኝቱ ዝርዝር ከነዋጋው። የመካኒኩ ልጅ ኮሌጅ የጨረሰች ናት፣ እሷ ተረጎመችልን። የእኛን ጉዞ «የሐይቅ ላይ ከሰዓት» ብላችሁታል። ስሙን ወደድነው። ዋጋውን ስታነብ ግን አንዴ ድገሚው አልናት። አንድ ሰው ብቻ የሚከፍለው ለእኛ ለመላው ጀልባ ከሚደርሰን ይበልጣል።

ከመሃላችን ዝምታው የምንለው ሰው አለ፤ በዘጠኝ ዓመት ከአፉ አሥር ቃል የሰማ የለም። ሞተሩን እየፈታ ነበር። ቀና ሳይል «ጀልባዋ ስምንት ሰው ነው የምትይዘው» አለ። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ማንም ቀልድ አላወራም።

ሂሳብ ሹሙ ወደ ጎን ወሰደኝ። «ሊቀመንበር፣ አንተ እኮ በአንድ ጣሳ ዘይት ከባለሱቅ ጋር ግማሽ ቀን ትከራከራለህ። ያን ቀን ምን ነካህ?» አለኝ። ምን ልበለው?

እባክህ ልጄ፣ እግሬን የረገጥክበትን ምክንያት ንገረኝ። ለሰዎቹ የምለው አለቀብኝ። ታገሡ ስላቸው አሁን ፊታቸውን ያዞራሉ።

ደብዳቤህን አላቃጠልኩትም። የልጅ ደብዳቤ እንዴት ይቃጠላል? ደብቄዋለሁ።

የልብህን መሻት ይሙላልህ።

አጎትህ


ጥር 30 ቀን

ለማከብርዎ አጎቴ፣

ጤናዎን እየተመኘሁ፣ እንደምን አሉ?

ሐሳብዎ ገብቶኛል። ይሁን እንጂ ውሉ የተፈረመው ለሁለት ዓመት ስለሆነ ዋጋው እስከዚያ አይነካም። ይህ ለእናንተ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም አቅራቢዎች የሚሠራ ደንብ ነው። ቱሪስቱ የሚከፍለው ሁሉ ለድርጅቱ ትርፍ እንዳይመስልዎት፤ ማስታወቂያ አለ፣ ኢንሹራንስ አለ፣ መሃል ላይ ያሉ ሻጮች ድርሻ አለ። ለጓደኞችዎ በዚህ መልኩ ቢያስረዱልኝ።

በሥራዬ ትንሽ ከፍ ብያለሁ፣ የክፍሉ ምክትል ሆኛለሁ። ለእትዬ ይንገሩልኝ፣ ደስ ይላታል።

ከበፊቱ ጨምሬ ልኬአለሁ። ለነዳጁ ዱቤም ይሆናል።

ቀጮ


መጋቢት 19 ቀን

ልጄ፣

እንደምን ከረምክ? እኛ ከርመናል፣ አከራረሙ ነው እንጂ።

አቅራቢ አልከኝ። ደብዳቤህን ሦስቴ አነበብኩት፣ ሦስቴም እዚያችው ቃል ላይ ቆምኩ። ሻጭ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር፣ ሻጭስ ይከራከራል።

አሁን የምጽፍልህን በጥሞና አንብብ። የሐዋላ ቤቱ ጸሐፊ የሂሳብ ሹማችን ሚስት እህት ናት። እዚህ ከተማ ሰው ያስነጠሰው ሳይቀር ይወራል። ሊቀመንበሩ ውሉን በፈረመ በወሩ ከውጭ ገንዘብ መጣለት፣ ድርጅቱ ካለበት አገር፣ ከዚያም ደግሞ ጨምሮ መጣለት። ከማን ነው ሲባል ከዘመድ ነው ይላል፣ ዘመዱ ማን ነው ሲባል አፉ ይያዛል። እኔን በእነሱ ቦታ ብታስቀምጠኝ እኔም በልቷል እል ነበር።

ባለፈው ሰኞ ስብሰባ ጠሩ። እኔ ነኝ የምጠራው፣ እነሱ ጠሩ። ወንበር አስቀምጠውልኝ ነበር፣ ያንኑ ያን ቀን የተቀመጥኩበትን። ሂሳብ ሹሙ በጨዋ ደንብ ጠየቀኝ፤ «ገንዘቡን የሚልክልህን ሰው ስሙን ንገረንና ይለቅ» አለ። ያንተን ስም ብጠራ ልጁ ምን ይሠራል ይሉኛል። የሚሠራውን ብናገር አስተርጓሚው ማን እንደነበር ይደርሱበታል፤ ያኔ ያ የፈረምከው ፎርም ያጠፋሃል። ዝም አልኩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ተመኘሁ። መካኒኩ፣ ያ የማይስቅበት ነገር የሌለው ሰው፣ ዓይኔን ማየት ተስኖት መስኮት መስኮቱን ያይ ነበር። ማኅተሙን ከፊቴ አነሡት። የስድብ ቃል እንኳን አልተናገሩኝም፤ ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

ዝምታው ሞተሩን ሸጠ። ተሳፋሪ ሞልቶ ሄዶ ባዶ ኪስ መመለስ ሰለቸው። አሁን ድንጋይ ይጭናል፣ በቀን ሒሳብ። ጠዋት ጠዋት እኔ ወደ ሐይቁ ስወርድ እሱ ወደ ድንጋይ ካባው ሲወጣ እንገናኛለን፣ ሰላምታ ይሰጠኛል። የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው።

ገንዘብ አትላክ። ከዚህ በኋላ አንዲት ሳንቲም ብትልክ አላወጣትም። የምፈልገው አንድ ወረቀት ነው። ፊታቸው ቆሜ የማነበው፣ እኔ ምንም እንዳልበላሁ የሚናገር፣ ካንተ ከራስህ። ምን እንደሚያስከፍልህ አውቃለሁ። ሳላውቅ የጠየቅሁህ አይምሰልህ። ግን እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሌባ ተብዬ የት እገባለሁ?

አጎትህ

*ከዚህ በታች በአክስቱ እጅ የተጻፈ፦*

ልጄ፣ የሂሳብ ሹሙ ሚስት ስለ አስተርጓሚው ስታወራ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው አለች። እኔ ነኝ እኮ ደሙን ያጠብኩት፣ ያኔ ከአጥር ላይ ስትወድቅ። ለማንም አልተናገርኩም። አሥር ደቂቃ ነበር፣ ልጄ። ሹፌሩን አንድ ነገር ብለኸው ብትመጣ ምን ነበረበት? በላክልኝ ገንዘብ አልታከምኩም፣ ሳጥን ውስጥ እንዳለ ነው። — እትዬ


ግንቦት 27 ቀን

ጋሼ፣

እንደምን አሉ ብዬ ለመጠየቅም አፍሬአለሁ።

ሁለት ወር ሙሉ ይህን ደብዳቤ ስጽፍና ስቀድ ነበር። እትዬ የጻፈችውን በኪሴ ይዤ ነው የምሄደው፣ አውጥቼ ግን አላነበውም። አሁን ምንም ሳልሸፋፍን ልናገር።

ያን ቀን መኪና ውስጥ አለቃዬ ሁለት ዋጋ ነበር የነገረችኝ። «ስድስት መቶ በላቸው። እምቢ ካሉ እስከ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ እሄዳለሁ» አለች። እዚያ ስንደርስ እናንተ ለመከራከር ዝግጁ ናችሁ ብላ ነበር የጠበቀችው። ስድስት መቶውን ስናገር የእርስዎን አፍ አየሁ። ገበያ ሲወስዱኝ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ያ አፍ ከተከፈተ እስኪመሽ አይዘጋም። አንዲት ቃል ቢናገሩ ዘጠኝ መቶ ሃምሳውን ታገኙ ነበር። ረገጥኩዎት።

ለእርስዎ ብዬ አይደለም። ለማኅበሩም ብዬ አይደለም። በዚያ ዓመት ከክፍላችን አንድ ሰው ምክትል እንደሚሆን ሰምተን ነበር፣ እኔና ሌሎች ሦስት ሰዎች እየተፎካከርን ነበር። በመጀመሪያው ዋጋ ያስፈረመ ሰው እንደ ጀግና ነው የሚታየው። እርስዎ እግሬን አምነው ዝም እንደሚሉ አውቅ ነበር። ሌላ ሊቀመንበር ቢሆን አልረግጠውም፤ ቢረገጥም ዝም አይልም። ዘመድነትዎን ፎርሙ ላይ ካድኩት፣ ጠረጴዛው ሥር ተጠቀምኩበት።

ሁለተኛ የላክሁልዎ ገንዘብ የምክትልነት የመጀመሪያ ደሞዜ ነበር። ለነዳጅ ዱቤያችሁ መክፈያ ስልክ እንደ ደግ ሰው ተሰምቶኝ ነበር፣ በእውነት።

ለጓደኞችዎ ግን መጻፍ አልችልም። በፎርሙ ላይ ውሸት መፈረሜ ከታወቀ ከሥራ እባረራለሁ። የመኖሪያ ፈቃዴ ከሥራው ጋር የታሰረ ነው፣ አንዱ ከሄደ ሌላውም ይሄዳል። ሌላ ነገር ይዘዙኝ። ማንኛውንም ነገር ይዘዙኝ፣ ይህን ብቻ ይተዉልኝ።

ቀጮ


ሰኔ 5 ቀን

ጋሼ፣

መልስዎን ሳልጠብቅ ደግሜ ጻፍኩ።

ትናንት አዲስ ለተቀጠሩ ልጆች ሥልጠና ነበር። አለቃዬ ግድግዳው ላይ ፎቶ አሳየች። እርስዎ ነዎት። በነጭ ሸሚዝ፣ ማኅተሙን በእጅዎ ይዘው፣ ውሉ ላይ ጎንበስ ብለው። እኔ ነኝ ያን ፎቶ ያነሣሁት፣ ለፋይል ብላኝ። «ዋጋ አጠያየቅ ማለት ይህ ነው። እዩት ይህን ሰውዬ፣ አንዲት ቃል አልተከራከረም። የሐይቁን ዋጋ የማያውቅ ሰው ነው» አለች። አዲሶቹ ሳቁ።

እኔም ሳቅኩ፣ ጋሼ። ሁሉም ሲስቅ አብሬ ሳቅኩ። በአንድ ጣሳ ዘይት ግማሽ ቀን የሚከራከረውን ሰው፣ እጄን ይዞ ትምህርት ቤት ያደረሰኝን ሰው፣ አላዋቂ ሲባል ጥርሴን አሳየሁ። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ ሰዓቱ እስኪያልቅ ቆየሁ።

ሌላ የምለው የለኝም። ከዚህ ጋር ያለውን ወረቀት ያንብቡላቸው። ግልባጩን ዛሬ ጠዋት ለአለቃዬ ሰጥቻለሁ፣ ከፎርሙ ጋር።

ቀጮ

*አብሮ የተላከ፦*

ለጀልባ ማኅበሩ አባላት በሙሉ፣

ባለፈው ጥቅምት መጨረሻ ከድርጅቱ ጋር የመጣሁት አስተርጓሚ እኔ ነኝ። ሊቀመንበራችሁ አጎቴ ነው፣ አሳድጎኛል። ይህን ለድርጅቱም ለእናንተም ደብቄአለሁ። አለቃዬ እስከ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ለመክፈል ተዘጋጅታ ነበር። እኔ ይህን እያወቅሁ አጎቴ እንዳይከራከር በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት። እኔን አምኖ ዝም አለ። ወደ እሱ የመጣው ገንዘብ የእኔ ነው፣ ድርጅቱ የሰጠው ሽራፊ ሳንቲም የለም። አጎቴ ምንም አልበላም። የበደልኳችሁ እኔ ነኝ። ሞተሩን የሸጠውን ሰው በተለይ ይቅርታ እለምነዋለሁ።


ሐምሌ 22 ቀን

ልጄ ቀጮ፣

ሰላምና ጤና ካንተ ጋር ይክረም። ምን እንዳደረጉህ አልጻፍክም። ሥራህ አለ? ፈቃድህስ? ይህ ደብዳቤ በዚያው አድራሻ ያገኝህ እንደሆነም አላውቅም፤ ካገኘህ ቶሎ ጻፍልን። አክስትህ የሰው መኪና በቆመ ቁጥር ወደ ደጅ ትወጣለች።

ወረቀትህን አነበብኩላቸው። ቲኬት ቤቷ ስለምትጠብ ውጭ ጥላው ሥር ተሰበሰብን፣ ዝምታውንም ከካባው አስጠራነው፣ ከነነጭ አቧራው መጣ። የእናንተም ድርጅት ደብዳቤ በዚያው ሳምንት ደርሶ ነበር፤ ጉዳዩ እስኪጣራ ቱሪስት አንልክም ይላል። መካኒኩ «እሰይ፣ እየከሰርን ከምንሮጥ ቆመን እንክሰር» አለ። የመጀመሪያውን ሳቅ ከስንት ጊዜ በኋላ ሰማሁ። አሁን እንደ ድሮው መንገደኛ እየለመንን ነው፣ ሲገኝ በሺህ።

ደብዳቤህን ስጨርስ ሂሳብ ሹሙ ማኅተሙን ከኪሱ አወጣና ወደ እኔ ገፋው። «አምተንሃል ሊቀመንበር፣ ይቅር በለን» አለ። ሌሎቹም ተነሥተው ቆሙ። ስንት ወር የተመኘኋት ነገር ይህችው ነበረች። እጄን ግን አልዘረጋሁም።

«ቆይ» አልኩት። «ሲረግጠኝ ምን እንዳሰብኩ አልጠየቃችሁኝም» አልኳቸው። ራሴ ነገርኳቸው፣ ላንተም ልንገርህ።

ለማኅበሩ አላሰብኩም። ልጄ ለእኔ፣ ለብቻዬ፣ ያዘጋጀልኝ ነገር አለ ብዬ አሰብኩ። አዲስ ሞተር ይሆናል፣ ወይ ከሰባቱ የእኔ ጀልባ ብዙ ተራ ታገኛለች አልኩ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። በዚያች ደስታ ነው የስድስት ሰው ጉሮሮ ላይ ማኅተም ያሳረፍኩት። ታገሡ፣ እኔ የማውቀው አለ ስላቸው የነበረውም የራሴን ድርሻ እየጠበቅሁ ነው። አንተን ቀጥሎ ምን ይሆናል እያልኩ የነዘነዝኩህም ስለ እሱ ነበር። አጎቴ ምንም አልበላም ብለህ ጽፈሃል። አልበላሁም፣ እውነት ነው። ግን እጄን ታጥቤ ተቀምጬ ነበር።

ከዚያ ዝምታው ተነሣ፣ ድንጋዩ እየጠበቀው ነበር። በአጠገቤ ሲያልፍ ቆም አለ። «ሞተሬ ግን ተሸጧል» አለኝና ሄደ። ሂሳብ ሹሙ ማኅተሙን መልሶ ኪሱ ከተተ። በጀልባዎቹ ሰልፍ የመጨረሻውን ተራ እኔ ያዝኩ፣ ማንም ሳያዘኝ።

አክስትህ ሥራውን ከነሱት ይምጣ ትላለች፣ ካልነሱትም ይምጣ ትላለች። እኔም እንደዚያው ነው የምለው። አንተ ግን በደብዳቤህ ላይ አሳዝነኸኛል፤ እኔን እንደ ንጹሕ ሰው አድርገህ ስታለቅስ። ይህን ሁሉ ወር ስምህን ሳልጠራ አፌን የዘጋሁት ላንተ ብዬ መስሎህ ከሆነ፣ አታልቅስ። ስምህን ብጠራ፣ ለምን እንደፈረምኩ ይጠይቁኝ ነበር።

አጎትህ